የሻምበል ጥላዬ ቡፌ

በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም፣ አንድ ሰው ስልክ ይደውልልኛል። እኔም አነሳለሁ። የማነሳው ናፍቆኝ አይደለም፤ ልበቀለው ነው። ዘንድሮም ስልኬን ከዋዜማው ቻርጅ አድርጌ፣ ኔትወርክ ደህና አድርጎ የሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀምጬ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ቴሌቪዥኑ እንደ ልማዱ ሽማግሌዎቹን ያሳያል፤ ጎፈር የደፉ፣ ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ የደረደሩ፣ ግማሾቹ በከዘራ ግማሾቹ በልጅ ትከሻ የሚራመዱ። አንዱ ይፎክራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ አንዲት ሴት ከኋላ መጥታ ጋቢ ታለብሰዋለች። ጋቢዋን ሳይ ደሜ ይፈላል። ጎረቤቶቼ በዓሉን የምወደው ይመስላቸዋል፤ ከጠዋት ጀምሬ ለብሼ ስለምጠብቀው ነው መሰለኝ።

አባቴ ራሱ አርበኛ ነበር። በጣልያን ጊዜ ዱር ገብቶ አንድ ጣቱን ትቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ስለዚያ ስለ ጣቱ ግን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። በዓሉን አንዱ መንግሥት ሲያመጣው ሌላው ሲያዛውረው፣ እሱ ግን የራሱን ቀን አይለቅም፤ ከመስጊድ መልስ ነጭ ለብሶ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ወደሚሰበሰቡበት ይሄዳል። በኛ አካባቢ አንድ ወግ ነበር። ሰው ፎክሮ ሲጨርስ ጋቢ የምታለብሰው ማንም የተገኘች ሴት አይደለችም፤ ነገሩን በዓይኗ ያየች፣ ያም ካልሆነ ካየ ሰው አፍ የሰማች ናት። ያለበሰች መሰከረች ማለት ነው። አንድ ዓመት አንዱ ሰውዬ የሞተ ጓደኛውን ጀብዱ የራሱ አድርጎ ሲፎክር፣ ተራዋ የደረሰው አሮጊት ጋቢውን አጥፋ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቁጭ አለች። የሰደበው የለም፣ የሳቀበትም የለም። ሰውዬው በሳምንቱ ከብቶቹን ነድቶ ወደ ሚስቱ አገር ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ያን ያየሁት በልጅነቴ ነው። ለኔ በዓሉ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የፉከራ ሳይሆን የምስክር ቀን ነው።

ታዲያ እኔም ወታደር አገባሁ። አስር አለቃ ሰይድ ይባላል፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ወደ ሰሜን ያለ አንድ ካምፕ ውስጥ ኖርን፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ አሁን ሰዎች ደህና የሚኖሩበት ከተማ ነው። እንቁላል በአስራ አምስት ሳንቲም የሚገዛበት ዘመን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የወታደር ሚስቶች ካኪ አጥበን ሽቦ ላይ እናሰጣለን፤ ከሩቅ ሲያዩት የተሰለፈ ጭንቅላት የሌለው ጦር ይመስላል እያልን እንስቃለን። ራሽን የሚመጣ ቀን ኮቸሮ በከረጢት ይታደላል፤ ያን ድንጋይ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከርን ስንበላ ጥርሳችን ይንገጫገጫል። የቴፕ ክር በእርሳስ የሚጠነጠንበት፣ ሻሽ ወደ ኋላ የሚታሰርበት፣ ፊደል በመሠረተ ትምህርት የተቆጠረበት ዘመን ነው። እኔም ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ፊደል ነው። ከሁሉ ትዝ የሚለኝ ግን ቡፌ ነው። ያኔ ቡፌ የሌላት ሴት ቤት አላት አይባልም። የሻለቃው ሚስት ቡፌ፣ የመቶ አለቃው ሚስት ቡፌ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የኛ አዛዥ የሻምበል ጥላዬ ሚስት የእትዬ ብርቅነሽ ነበር። ዋጋው የሰይድ የሦስት ወር ደመወዝ ነው ይባል ነበር። ተንሸራታች መስተዋት አለው፣ ከላይ ፎርማይካ፣ ውስጡ ወርቅማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎች፣ ላዩ ላይ ፒኮክ የተሠራበት ዳንቴል። ዳንቴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። የአዛዥ ሚስት ስትጠይቅ እምቢ አይባልም፤ ውሃም ቅጂ ብትል ይቀዳል፣ ቤትም ጥረጊ ብትል ይጠረጋል። ሰይድ አንዳንዴ «አንቺም ደመወዝ ይቆረጥልሽ» ይለኝ ነበር።

ግንባሩ ሲፈርስ ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁልጊዜ የማስታውሰው ሰማዩን ነው። ሰይድ እግሩ ላይ ፍንጣሪ ገብቶበት ከክሊኒኩ አውጥተው ከሌሎች አራት ቁስለኞች ጋር ኡራል መኪና ላይ ጭነውታል። ስማቸውን እጽፋለሁ፤ ሌላ የሚጽፋቸው የለም። ቶሎሳ፣ አርሞኒካ የሚነፋው። ወልደሚካኤል፣ ሁለቱንም ዓይኖቹን የታሰረው። አንጁሎ፣ ከወላይታ የመጣው፣ ሚስቴ ወለደች የሚል ደብዳቤ በደረሰው በሳምንቱ የቆሰለው። ምትኩ፣ ገና ጢም ያላበቀለ። አምስተኛው ሰይድ ነው። እኔ ጥቅሌን ይዤ ከመኪናው ጎን ቆሜያለሁ። መኪናው ሊወጣ ሲል ሻምበሉ ከቤቱ ብቅ ብሎ አስቆመው። እትዬ ብርቅነሽ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ቡፌው በወታደር ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ሻምበሉ መኪናውን አየ፣ ቡፌውን አየ። «እነዚህን ለጊዜው አውርዷቸው። ሌላ መኪና ከኋላችን ይመጣል፤ ምን ቸገረን» አለ። «ምን ቸገረን» የሚላት ነገር ነበረችው፤ ለሁሉ ነገር መዝጊያ። አምስቱን አንድ በአንድ አውርደው ግድግዳው ጥላ ሥር አስደግፈው አስቀመጧቸው። ቡፌው ወጣ፣ ታሰረ፣ መኪናው ሄደ። ሌላ መኪና አልመጣም። ቶሎሳ ጥላው ሳይዞር ሞተ። ወልደሚካኤልንና ምትኩን እዚያው ትተናቸው ሄድን፤ አንጁሎን ከዚያ በኋላ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም። ሰይድን እኔና ሁለት ሴቶች በአሮጌ በር ላይ አስተኝተን ተሸከምነው። በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር አረፈ። መቃብሩን በድስት ክዳን ቆፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ሪያድ በላው። ለዑምራ ብዬ ሄጄ እንደ ብዙው ሰው ቀረሁ፤ ኋላ ላይ ደግ ከፊል፣ ዋስ የሚሆነኝ አሠሪ፣ አግኝቼ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተስተካከለ። ነሲም ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ሠራሁ፤ ያሳደግኳቸው ልጆች ጢም አብቅለው የራሳቸውን ሠራተኛ ቀጠሩ። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጁምዓ ዕረፍት አለኝ። ያን ቀን ዑድ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ፣ ከአልማዝ ጋር በጋራ የያዝናትን ክፍል እገባለሁ። አልማዝ የጎጃም ልጅ ናት፤ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ምላሷ መላጫ ነው፣ ልቧ ግን ቅቤ። ዑድን ዛሬ ሳስበው አፍንጫዬ ነው የሚያስታውሰው፤ የባንግላዴሾቹ ሽንኩርት፣ የደረጃው እርጥበት፣ በየበሩ የተከመረው ጫማ። በርበሬና ሽሮ የሚሸጥበት ሱቅ ማዕዘኑ ላይ ነበር፤ ባለሱቁ የመናዊ ሆኖ «ሽሮ አለ፣ እህቴ» ሲል ሐረር የተወለደ ትሉታላችሁ። ከነሲም እስከ ዑድ ሊሞዚን የምንለው ታክሲ በአሥራ አምስት ሪያል፣ ደህና ዓባያ በስልሳ፣ የስልክ ካርድ በአሥር። ሰው እየታፈሰ በጅምላ የተመለሰበት ያ ክፉ ኅዳር ካለፈ በኋላ ሰፈሩ ባዶ ሆኖ ከርሞ እንደገና መሙላት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው ቀን ቀን ከቤት አይወጣም፤ የወጣም ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው።

የቤቱ አሮጊት፣ የመዳሜ እናት፣ ስኳር ነበረባት። በወር አንዴ ሹመይሲ ወደሚገኘው ሆስፒታል እወስዳታለሁ። አንድ ቀን የሴቶቹ መቀመጫ ጋ ወረፋ ስንጠብቅ፣ ከመተላለፊያው ማዶ አንድ የኛ አገር ሽማግሌ ከነርሷ ጋር አልግባባ ብሎ በእጁ ሲያወራ አየሁ። ከዘራ ይዟል፣ ኮቱ ለሌላ ሰው የተሰፋ ነው፣ ፊቱ ከስቷል። እሷ «ከተማ? ስም?» ትለዋለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወደኛ ዞሮ ለማንም ሳይሆን «እንግዲህ ካልሆነ እመለሳለሁ፤ ምን ቸገረን» አለ። ያቺን ቃል ስሰማ እጄ ላይ የያዝኩት የአሮጊቷ መድኃኒት ወለል ላይ ተበተነ።

ሊያውቀኝ አይችልም። ኒቃብ ለብሻለሁ፤ ከኔ የሚያየው ሁለት ዓይን ነው። ተነስቼ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ምን ልርዳዎት?» አልኩት።

«እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ዓረብኛው ለአፌ አልገራልኝም። እዚህ አገር ስድስት ዓመቴ ነው። የሕንፃ ሐሪስ፣ ዘበኛ ነኝ።»

«ስምዎ ማን ይባላል?»

«ጥላዬ። ሰዉ ሻምበል ነው የሚለኝ። የቀድሞው ጦር ውስጥ ነበርኩ።»

ለነርሷ ስሙን አስጻፍኩለት። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኩላሊት፤ ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ አስተረጎምኩ። ከከፊሉ ጠፍቶ ኹሩብ የተባለ፣ ኢቃማ የሌለው ሰው መሆኑንም ያን ቀን ነገረኝ። ሚስቱ አገር ቤት ሞታለች፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችው። የስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። ቤት ስገባ ሽንት ቤት ቆልፌ፣ ውሃ ከፍቼ፣ ፎጣ ነክሼ ጮህኩ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ቀላል ነበር። የመዳሜ ትልቁ ልጅ ጀዋዛት፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ነው የሚሠራው። በአንድ ቃል ያልቅለታል። ሻይ ይዤ ሳሎን በር ድረስ ሄጃለሁ፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ይይዙታል፣ ያሳድሩታል፣ በአውሮፕላን አገሩ ያስገቡታል። ልጁ ኤርፖርት ላይ አቅፋ ትቀበለዋለች። በነጻ አገሩ መግባት ነው እንዴ ቅጣት? የኔ ሰይድ በአሮጌ በር ነው የሄደው። ሻዩን አኑሬ ተመለስኩ። ይህ ሰው ሰው ፊት መቆም አለበት አልኩ። መፎከርም አለበት፤ በደንብ ፎክሮ፣ ጋቢው ሊደረብለት ትከሻውን ሲያሰፋ ነው የምይዘው።

ያን የወሰንኩት ገና ጥቅምት ላይ ነው፤ ሚያዝያ ሩቅ ነበር፣ ሰውዬው ደግሞ ዛሬ ነገ የሚል በሽተኛ። ፍርሃቴ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ እንዳይሞትብኝ። ስለዚህ እቀልበው ጀመር። ጨው የሌለው አጃ፣ የዶሮ መረቅ፣ የተቀቀለ አትክልት አዘጋጅቼ በአልማዝ እጅ እልክለታለሁ። በየማታው ደውዬ «መድኃኒቱን ወሰዱ?» እላለሁ። «ወስጃለሁ፣ እህቴ» ይላል። «ነጯንም?» «ነጯንም።» ሹመይሲ ቀጠሮ ሲኖረው የአሮጊቷን ቀጠሮ ለምኜ ከሱ ቀን ጋር አደርጋለሁ። ጉንጩ ሞላ፣ ከዘራውን መጣል ጀመረ። «አንቺን እግዜር ነው የላከልኝ» ይለኛል። «አላህ የሥራውን ያውቃል» እለዋለሁ። ለበዓል እርድ የሚቀለብ በሬም የሚቀልበውን ሰው ይወዳል። ስሜን ጠይቆኝ ሐጂያ በሉኝ ብዬ ነበር የመለስኩለት። በስልክ የጦር ሜዳ ወሬ ያወራልኛል፤ ወሬው በየሳምንቱ ያድጋል። መጀመሪያ አንድ ቁስለኛ ያዳነ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ በጥምቀት ሰሞን አንድ ሙሉ ኡራል ቁስለኛ ጭኖ በእሳት መሃል ያወጣ ሆነ። እኔም «አቤት ጀግንነት» እላለሁ። ጥርሴን ሳፋጭ በስልክ አይሰማም።

ሚያዝያ ሲደርስ የአገር ልጆች እንደየዓመቱ በዓሉን ለቀኑ በቀረበው ጁምዓ ለማክበር አሰቡ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ እስትራሃ፣ ግንብ የታጠረ ግቢ፣ ለግማሽ ቀን ተከራዩ። አዘጋጇ አልማዝ ናት። አንድ ጁምዓ ክፍላችን ውስጥ ፀጉሬን እየሠራችኝ እንዲህ አለችኝ።

«ሐጂያ፣ ዘንድሮ አንድ እውነተኛ ሰው እናክብር ብለናል። ሻምበልን። እርስዎ በዕድሜም ይበልጡናል፣ እንደ እናትም አስታመሙት፤ ጋቢውን እርስዎ ያልብሱልን።»

«በኛ አገር የምታለብስ ሴት ምስክር ናት፤ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ከእርስዎ የተሻለ ማን ሊመሰክርለት?»

«እውነትሽን ነው» አልኳት። «ከኔ የተሻለ የለም።»

እጇ ፀጉሬ ውስጥ ቆመ። አልማዝ ሞኝ አይደለችም። «ሐጂያ፣ ሰውዬውን ድሮ ያውቁታል እንዴ?» አለች። «የሆነ ነገር ካለ ለሱ ለብቻው ይንገሩት። ሽማግሌ ነው፣ በሽተኛ ነው፣ ወረቀት የለውም። በሰው ፊት አይሆንም።»

«ያደረገውስ በሰው ፊት ነው» አልኳት። ወደ ሹሩባው ተመለሰች። አንድ መስመር ስታጠብቅብኝ ሆን ብላ መሰለኝ።

በዓሉ ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ባንዲራ ግንቡ ላይ ተሰቅሏል፣ ሴቶች በአንድ ወገን ወንዶች በሌላው ተቀምጠናል። አልማዝ ያመጣችው ጋቢ አዲስ ነው፣ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ፤ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሻምበሉ ተነሳ። ካኪ ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ካኪ ለብሷል። እኔ ያደለብኩት ጉንጩ ያብረቀርቃል።

«ዘራፍ!» አለ። «ዘራፍ ያገር ልጅ! መንገድ ሲዘጋ መንገድ የከፈተ፣ ቁስለኛውን ጭኖ እሳት ያሻገረ! ወገኑን ጥሎ ያልሸሸ፣ ዘራፍ!» ከዘራውን እንደ ጠመንጃ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል። መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ አለቀሰ። የሚገርመው የእውነት እንባ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ ተነስተው አጨበጨቡ። አልማዝ ወደኔ አየች፤ ዓይኗ እባክዎ ይላል። ጋቢውን ይዤ ተነሳሁ። እርምጃዬን አስታውሳለሁ፤ ምንጣፉ ከእግሬ ሥር ይግላል። ሻምበሉ ትከሻውን አስፍቶ ጎንበስ አለልኝ። እፊቱ ቆምኩ፤ ያን ሁሉ ወንድ ባለበት ኒቃቤን ገለጥኩ።

«ሻምበል፣ ቡፌው በሰላም ገባ?» አልኩት።

አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ሻምበሉ ቀና አለ። ፊቴን ሲመረምረው ቆየ፤ ሃያ ምናምን ዓመት እየገፈፈ ነበር መሰለኝ። «ፋጡማ?» አለ። «የሰይድ ሚስት?»

ወደ ሰዉ ዞርኩ። «ይህ ሰው ቁስለኛ የጫነ አይደለም፤ ያወረደ ነው» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኡራሉን፣ ግድግዳውን፣ ብርድ ልብሱን፣ አምስቱን በስማቸው። እንዳልኩት ነው፣ አልጨመርኩም። ቶሎሳ ጋ ስደርስ አንዲት ሴት አፏን ያዘች። ሻምበሉ አልካደም። «እውነቷን ነው» አለ፤ ካኪው ውስጥ ሲያንስ ይታይ ነበር። እኔ ጋቢውን አጥፌ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። እንደዚያች አሮጊት። ደስታው እንዴት ያለ እንደነበር አልዋሻችሁም፤ ውሃ የጠማው ሰው እንደጠጣው ውሃ ነበር። ልመለስ ስል ግን በጣም ቀስ ብሎ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ እንዲህ አለኝ።

«ፋጡማ፣ በወዲያኛው በኩል የያዝሽው አንቺ አልነበርሽም?»

እስካሁን ያልጻፍኩት ይህን ነው። ቡፌውን አራት ሰው ነው ያነሳው፤ ሁለት ወታደር፣ ሻምበሉ፣ እና እኔ። እትዬ ብርቅነሽ «ፋጡማ፣ ያዢ እንጂ» አለችኝ፤ ያዝኩ። የአዛዥ ሚስት ስትል እምቢ አይባልም። ቶሎ ካለቀ ቶሎ ሌላ ነገር ይደረጋል፣ ምናልባት ሰይድን ከላይ ይጭኑልኛል ብዬም ነበር። ሰይድ ከግድግዳው ሥር ሆኖ ያየኛል። ምንም አላለኝም። እኔ ግን ተናግሬያለሁ። ዳንቴሉም የኔ እጅ ሥራ ነው፣ ቡፌውንም በየቅዳሜው የምወለውለው እኔ ነኝና፣ መኪናው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ልማድ ሆኖብኝ «ቀስ በሉ፣ መስተዋቱ እንዳይሰበር» አልኩ። ባሌ መሬት ላይ ተቀምጦ እኔ ስለ መስተዋት ተጨነቅሁ። ይህን ከኔ ሌላ የሚያውቅ፣ በሕይወት ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ያ የቀለብኩት ሰውዬ ነው።

ሻምበሉ ከዚያ በኋላ ሪያድ ብዙ አልቆየም። እጁን ሰጥቶ አገሩ ገባ፣ አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ። አልማዝ ሁለት ወር አኮረፈችኝ፤ ሰዉ ግን ሲያየኝ ይነሳልኝ ጀመር። እኔም በሁለተኛው ዓመት አሮጊቷ ስታርፍ «ኸላስ» ብዬ ጓዜን ጠቅልዬ ደሴ ገባሁ። በመጀመሪያው ሚያዝያ ሃያ ሰባት ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሬን ከአልማዝ አግኝቷል። «ፋጡማ፣ ጥላዬ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አለ። «ስማቸውን ጥራ» አልኩት። ሦስቱን አወቀ። አንጁሎንና ምትኩን ረስቷቸዋል፤ እኔ ነገርኩት፣ አስደገምኩት። «ለምን አወረድካቸው?» «ለቡፌ ቦታ ለማድረግ።» ስልኩን ዘጋሁት። በዓመቱም ደወለ፣ በዓመቱም። አምስቱን እንደ ዳዊት ሸመደዳቸው። ድምፁ እየሰለለ ሲመጣ እንኳን አንድ ቀን «በቃህ» አላልኩትም። እሱም ያችን በጆሮዬ የነገረኝን ነገር ዳግመኛ አላነሳብኝም። ባለማንሳቱ ደግሞ የባሰ ጠላሁት፤ ሊምረኝ የሞከረ መስሎኝ።

ዘንድሮ አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሰዓት አለፈ። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮህ ዘልዬ አነሳሁት፤ አልማዝ ናት፣ ከሪያድ።

«ሐጂያ፣ እንዴት ነዎት? ሻምበል ከትናንት ወዲያ ማረፋቸውን ሰምተዋል? ልጃቸው ነግራኝ ነው። መቼም… ነፍስ ይማር ይበሉ።»

«አሁን ነገርሽኝ» አልኳት። ነፍስ ይማር ሳልል ስልኩን ዘጋሁት። ያን ቀን መኪናው ላይ ተቀምጦ እንደሄደው ዛሬም ቀድሞኝ ሄደ። እንዲያ ነጯን መድኃኒት ማታ ማታ ሳስውጠው የኖርኩት ሰውዬ፣ ዛሬ አመለጠኝ።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገና ይፎክራሉ። ዘጋሁት። ሳጥኔን ከፍቼ የዚያን ዓመት ጋቢ አወጣሁ፤ አንድም ሰው ስላልለበሰው እጥፋቱ እንዳለ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስማቸውን ጠራሁ፤ ቶሎሳ፣ ወልደሚካኤል፣ አንጁሎ፣ ምትኩ፣ ሰይድ። ከዚያ ጥያቄውን ጠየቅሁ፤ ለምን ወረዱ? የሚመልስልኝ ሰው ስለሌለ ራሴ መለስኩ፤ ስለ መስተዋቱም ያልኩትን ሳላስቀር። ጋቢውን ትከሻዬ ድረስ አነሳሁት። አልለበስኩትም። መልሼ አጥፌ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ቁጭ አልኩ።